የመጀመሪያውን ቤት መሸጥ ወይስ ማከራየት? የታክስ ነፃነቱ ሦስት ዓመት ሳያልፍ ለሚወስኑ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ንጽጽር

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲያትል፣ በአትላንታና በዳላስ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘዋል። የመጀመሪያውን ኮንዶ ወይም ታውን ሀውስ የገዙት የቤት ዋጋ ወድቆ በነበረበት ጊዜ፣ ከ2009 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2020 እና በ2021 የሞርጌጅ ወለድ ከ3 በመቶ በታች ሲወርድ ሪፋይናንስ አደረጉ፣ ማለትም የድሮውን ብድር በአዲስ ቀየሩት። አሁን ልጆቹ አድገዋል፣ አያት ከአገር ቤት መጥተዋል፣ ቤቱ ጠቧል። ሰፋ ያለ ቤት ሊገዛ ነው። የድሮው ምን ይሁን?

በክርስትና ድግስም በለቅሶ ቤትም የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ቤት አይሸጥም፣ አከራዩት»። ምክሩ ከልምድ የመጣ ስለሆነ አልንቀውም። የጎደለው ነገር ቢኖር ቀን ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለቤት ሻጭ የሚሰጠው ትልቁ የታክስ እፎይታ ቤቱን ከለቀቃችሁ በኋላ የሚቆየው ለሦስት ዓመት ብቻ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው ሰው ለመሸጥ ወይም ለመያዝ ወስኖ ሲሳሳት ሳይሆን ምንም ሳይወስን ሦስተኛው ዓመት ሲያልፍበት ነው። ይህ ንጽጽር የተጻፈው ያ እንዳይሆን ነው።

መጀመሪያ ሕጉ

ዋና መኖሪያ ቤቱን የሚሸጥ ሰው ካተረፈው ላይ፣ ነጠላ ከሆነ እስከ 250,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት አብረው ታክስ የሚያስገቡ ከሆነ ደግሞ እስከ 500,000 ዶላር ድረስ የፌዴራል ታክስ አይከፍልም። ሕጉ የወጣው በ1997 ነው፤ የገንዘብ መጠኑ ከዚያ ወዲህ አልጨመረም።

መስፈርቱ እንዲህ ነው። ቤቱ ከተሸጠበት ቀን ወደ ኋላ አምስት ዓመት ይቆጠራል። በነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዓመት የቤቱ ባለቤት መሆን፣ ቢያንስ ሁለት ዓመትም ዋና መኖሪያ አድርጎ ኖሮበት መገኘት ያስፈልጋል። ሁለቱ ዓመታት በተከታታይ መሆን የለባቸውም፤ 24 ወር ወይም 730 ቀን ከሞላ ይበቃል። ከዚህ ሌላ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ይኸው ነፃነት በሌላ ቤት ሽያጭ ላይ ጥቅም ላይ ያልዋለ መሆን አለበት።

ሦስት ዓመት ያልኩት ከዚህ የተነሳ ነው፤ ከአምስቱ ሁለቱን ኖራችሁበት ከሆነ ሦስቱን ሌላ ሰው ሊኖርበት ይችላል። ለብዙ ዓመት የኖሩበትን ቤት ጁን 30 ቀን 2026 የለቀቁ ባልና ሚስት ነፃነቱ በእጃቸው የሚቆየው እስከ ጁን 2029 መጨረሻ ነው። ልብ በሉ፤ የሚቆጠረው ክሎዚንግ የተደረገበት፣ ማለትም ሽያጩ ተጠናቆ ቤቱ ለገዢው የተላለፈበት ቀን ነው። ገዢው ውሉን በሜይ ፈርሞ ባንኩ አጓትቶ ክሎዚንጉ ወደ ጁላይ ከገፋ ነፃነቱ አለቀ።

እኛ ዘንድ ደጋግመው የሚያጋጥሙ ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው የስም ጉዳይ ነው። የአንዷ ክሬዲት አልበቃ ብሎ ወንድሟ ስሙን ሰጥቶ የተገዛ ቤት ብዙ ነው። ወንድም ባለቤት ነው፣ ግን አልኖረበትም፤ እህት ኖራበታለች፣ ግን በሰነዱ ላይ ስሟ የለም። ሽያጩ ሲመጣ ሁለቱም መስፈርቱን ለማሟላት ይቸገራሉ። ይህን ማስተካከል የሚቻለው ከሽያጩ ከዓመታት በፊት ነው፤ የባለቤትነት ሁለት ዓመት የሚቆጠረው ስሟ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። ስም ማዛወሩ ራሱ የስጦታና የሞርጌጅ ጥያቄ ስለሚያስነሳ ከጠበቃ ጋር ሳትነጋገሩ ካውንቲ ሄዳችሁ አትፈርሙ።

ሁለተኛው የትዳር ጓደኛ ከአገር ቤት የመምጣት ጉዳይ ነው። 500,000ውን ለማግኘት ከሁለቱ አንዱ ባለቤት መሆኑ ይበቃል፤ መኖርን በተመለከተ ግን ሁለቱም ሁለት ሁለት ዓመት ኖረውበት መገኘት አለባቸው። ሚስቱ የቪዛ ሂደቱ ረዝሞባት ገና ባለፈው ዓመት የገባችለት ሰው ዛሬ ቢሸጥ የሚያገኘው የራሱን 250,000 ብቻ ነው። ትርፉ ከዚያ በላይ ከሆነ እሷ ሁለት ዓመት እስክትሞላ ቢጠብቅ ይሻለዋል። ከሁለቱ አንዱ አብዛኛውን ዓመት አዲስ አበባ የሚኖር ከሆነም ይኸው ጥያቄ ይመጣል።

ሥራ ቢያንስ 50 ማይል ርቆ ሲቀየር፣ በሕመም ወይም እንደ ፍቺ ባለ ያልታሰበ ነገር ሁለት ዓመት ሳይሞላ ለመሸጥ ለሚገደድ ሰው ከፊል ነፃነት አለ። የትዳር ጓደኛው የሞተበት ሰው ደግሞ ሌላ እስካላገባ ድረስ ከሞቱ ቀን ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ሙሉውን 500,000 መጠቀም ይችላል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ይህን የሚነግረው አያገኝምና፣ ያወቃችሁ ንገሩ።

በምን እንመዝን?

ከሁሉ በፊት ትርፉን አስሉ። እዚህ ላይ ትልቅ መደናገር አለ። ትርፍ ማለት የባንክ ዕዳ ተከፍሎ እጅ የሚገባው ገንዘብ አይደለም። የሽያጩ ዋጋ ላይ የኤጀንት ኮሚሽንና ሌላው የመሸጫ ወጪ ይቀነሳል፤ ከዚያ ቤቱ የተገዛበት ዋጋ፣ ሲገዛ የተከፈሉ እንደ ታይትል ኢንሹራንስና የስም ማዛወሪያ ያሉ ወጪዎች፣ እንዲሁም ቤቱ ላይ የተጨመረ ሥራ ይቀነሳል። ቤዝመንት መጨረስ፣ ጣሪያ መቀየር፣ ወጥ ቤት ማደስ ይቆጠራል። ቀለም መቀባትና ቧንቧ መጠገን አይቆጠርም። ሪፋይናንስ አድርጋችሁ ያወጣችሁት ገንዘብም ትርፉን አይቀንሰውም። ከቤቱ 150,000 አውጥቶ አገር ቤት የሠራበት ሰው ሲሸጥ እጁ ላይ የሚቀረው ጥቂት ቢሆንም፣ ለታክስ የሚታየው ትርፍ ሙሉው ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ የሞርጌጁ ወለድ ነው። በጃንዋሪ 2021 የ30 ዓመት ብድር አማካይ ወለድ እስከ 2.65 በመቶ ወርዶ ነበር፤ በኦክቶበር 2023 ደግሞ 7.79 በመቶ ደርሷል። በ2.75 በመቶ የተያዘ ብድር በራሱ ሀብት ነው፤ ቤቱ ሲሸጥ አብሮ ይሄዳል።

ሦስተኛው ለአዲሱ ቤት የሚያስፈልገው ጥሬ ገንዘብ ነው። የድሮውን ሳይሸጡ ዳውን ፔይመንቱ ይሞላል? ባንኩስ ሁለቱን ብድሮች አንድ ላይ ይፈቅዳል? አብዛኛውን ጊዜ አበዳሪዎች የሚጠበቀውን ኪራይ ሙሉውን አይቆጥሩም፤ 75 በመቶውን ነው የሚወስዱት።

የቀሩት ሁለቱ የአካባቢው የኪራይ ሕግና የራሳችሁ ጊዜ ናቸው። ሌሊት የሚነዳ ሰው ቀን ተከራይ ደውሎ ማሞቂያው ጠፋ ሲለው ማን ይሄዳል?

ምሳሌ የሚሆነን ቤት

ቁጥር የሌለበት ንጽጽር ስለማያሳምን አንድ ቤት እንያዝ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለ ታውን ሀውስ ነው እንበል። በ2012 በ290,000 ተገዛ፣ ቤዝመንቱ በ30,000 ተሠራ። ዛሬ በ520,000 ይሸጣል፤ የመሸጫ ወጪው 31,000 ይሆናል። ትርፉ 169,000 ነው። ባለቤቶቹ ባልና ሚስት ናቸው፣ ሁለቱም ለዓመታት ኖረውበታል።

ምርጫ አንድ፦ አሁን መሸጥ

169,000ው በሙሉ ነፃ ነው። ታክስ የለም። ሽያጩን ለፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ (አይአርኤስ) የሚያሳውቀው 1099-ኤስ የተባለው ቅጽ ከመጣላችሁ ግን ሽያጩን በታክስ ማስታወቂያችሁ ላይ ማሳየት አለባችሁ፤ ዜሮ ነው ብሎ ዝም ማለት ከአይአርኤስ ደብዳቤ ያስመጣል።

የዚህ ምርጫ ጉልበቱ ንጽሕናው ነው። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ይገኛል፣ አዲሱ ቤት ላይ ዳውን ፔይመንቱ ከፍ ሲል ወርሃዊ ክፍያው ይቀንሳል፣ ተከራይ የለም። የሚያጡት ዝቅተኛውን ወለድና ቤቱ ወደፊት የሚጨምረውን ዋጋ ነው። ከኦገስት 2024 ወዲህ የገዢ ኤጀንት ኮሚሽን በሻጩ ላይ እንደ ግዴታ የሚጣል ነገር አይደለም፤ ለመደራደር ቦታ አላችሁ፣ ስለዚህ ኤጀንቱ በመጀመሪያ የጠራላችሁን መቶኛ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ።

ምርጫ ሁለት፦ ቀን ቆርጦ ማከራየት

ብዙ ሰው ይህን መካከለኛ መንገድ ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ እኔም ሁኔታው ለሚመቸው ቤተሰብ እመክረዋለሁ። ቤቱን ለሁለት ዓመት ወይም ለሁለት ዓመት ተኩል ታከራያላችሁ፣ ሦስተኛው ዓመት ሳያልቅ ትሸጣላችሁ፣ ነፃነቱን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ነገር ግን ነፃ ያልሆነ አንድ ክፍል አለ፤ እሱም የእርጅና ቅናሹ ነው።

የሚከራይ መኖሪያ ቤት ሕንፃው በ27.5 ዓመት እንደሚያረጅ ተደርጎ በየዓመቱ ከኪራይ ገቢው ላይ ቅናሽ ይያዝለታል። መሬቱ አያረጅም። በምሳሌያችን ከ320,000ው ውስጥ ሕንፃው 240,000 ቢሆን ቅናሹ በዓመት 8,727 ዶላር ገደማ ነው። ይህ ቅናሽ ሲሸጥ ተመልሶ ቢበዛ በ25 በመቶ የፌዴራል ታክስ ይከፈልበታል፤ የ500,000ው ነፃነት አይሸፍነውም። «እንግዲያው ቅናሹን አልይዝም» ማለት አያዋጣም፤ ያዛችሁም አልያዛችሁም ሕጉ እንደያዛችሁ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ያዙት።

ሁለት ዓመት ተኩል ተከራይቶ ቢሸጥ የእርጅና ቅናሹ 21,800 ዶላር ገደማ ደርሷል። የፌዴራሉ እስከ 5,450፣ የስቴትና የካውንቲው (አንድ ላይ 8 በመቶ ገደማ ብንይዝ) 1,740፤ በድምሩ 7,200 ዶላር አካባቢ ነው። የቀረው 169,000 ነፃ ነው።

አሁን ያው ቤት በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ቢሸጥስ? ዋጋው ምንም ባይጨምር እንኳ ነፃነቱ ስለሌለ 169,000ው ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 25,350 ዶላር ይከፈላል። የእርጅና ቅናሹ 34,900 ላይ እስከ 8,725 ይጨመራል። የስቴትና የካውንቲው 16,300 ገደማ ነው። ድምሩ ከ50,000 ይበልጣል። በዚያ ዓመት የቤተሰቡ ገቢ ትርፉን ጨምሮ ከ250,000 ካለፈ፣ ባለፈው መጠን ላይ እስከ 3.8 በመቶ ሌላ ታክስ አለ። እሱን ትተን እንኳ፣ በዓመት ተኩል መዘግየት ምክንያት የጠፋው ከ43,000 ዶላር በላይ ነው።

ከኪራይ የሚገኘውን ከዚህ ጎን አስቀምጡት። ኪራዩ በወር 2,800፣ ሞርጌጁ ከፕሮፐርቲ ታክስ፣ ከኢንሹራንስና ከማኅበር ክፍያው ጋር 2,050 ቢሆን በዓመት 9,000 ይተርፋል። አንድ ወር ባዶ ቢቆይ 2,800 ቀንሱ፤ ለጥገና 4,000 ያዙ። የቀረው 2,200 ነው። ብድሩ በየወሩ እየቀነሰ መሄዱ እውነተኛ ጥቅም ነው፣ መቆጠርም አለበት። ግን 43,000ውን በአራት ዓመት ኪራይ ለመመለስ ከባድ ነው።

ስለዚህ ይህን ምርጫ የሚወስድ ሰው ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ ይቁጠር። ነፃነቱ ጁን 2029 የሚያልቅ ከሆነ ክሎዚንጉ ማርች ወይም ኤፕሪል እንዲሆን ያቅድ። ቤቱ ለገበያ የሚወጣው ጃንዋሪ ወይም ፌብሩዋሪ ነው። ተከራዩ የሚለቀው ከዚያ በፊት፣ በኖቬምበር ወይም በዲሴምበር ነው። የመጨረሻው የኪራይ ውል የሚፈረመው ይህን አይቶ ነው፤ በልማድ የአሥራ ሁለት ወር ውል ማደስ ነው ሰውን የሚጥለው።

እዚህ ላይ ቤቱ ያለበት ቦታ ወሳኝ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ተከራይ የውሉ ጊዜ ስላለቀ ብቻ እንዲወጣ ማስገደድ አይቻልም፤ ውሉ አልቆም በየወሩ እየከፈለ መቆየት ይችላል። ዲሲ ውስጥ ኮንዶ ላላችሁ ሰዎች ይህ የሦስት ዓመቱን ዕቅድ በእጅጉ ያጠበዋል፤ እኔ ብሆን እዚያ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ መዘጋጀት እጀምራለሁ። በቨርጂኒያ ውል ሲያልቅ ተገቢውን ማስታወቂያ ሰጥቶ ቤቱን መረከብ ቀላል ነው።

በሜሪላንድ ደግሞ ሁለት ነገር አስቡ። ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት የግብር ግምቱ በየዓመቱ ከተወሰነ መቶኛ በላይ እንዳይጨምር የሚይዘው የሆምስቴድ ክሬዲት ቤቱ ሲከራይ ይቀራል፤ ለዓመታት ታፍኖ የቆየ ግምት ከሆነ ፕሮፐርቲ ታክሱ ሊዘል ይችላል። ሌላው፣ ወደ ቨርጂኒያ ከተዛወራችሁ በኋላ የሜሪላንዱን ቤት ስትሸጡ የሜሪላንድ ነዋሪ ስላልሆናችሁ ክሎዚንጉ ላይ ስቴቱ ገንዘብ ይይዛል። ትርፉ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማመልከቻ ቢያንስ ከ21 ቀን በፊት ለስቴቱ ግብር ሰብሳቢ (ኮምፕትሮለር) መድረስ አለበት። ካልደረሰ ገንዘባችሁን የምታገኙት በኋላ ታክስ ስታስገቡ ነው፤ ያ ገንዘብ ለአዲሱ ቤት የታሰበ ከሆነ ጭንቅ ነው።

የቤት ኢንሹራንሱን ወደ አከራይ ኢንሹራንስ መቀየር አትርሱ። ባለቤት ይኖርበታል ተብሎ የተገዛ ኢንሹራንስ ተከራይ ባለበት ቤት ላይ እሳት ሲነሳ ላይከፍል ይችላል።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። መጀመሪያ ኖሮ በኋላ ማከራየት ከላይ እንዳየነው ነው። መጀመሪያ አከራይቶ በኋላ ገብቶ መኖር ግን ሌላ ስሌት አለው፤ ከ2009 ወዲህ ከመግባታችሁ በፊት የተከራየበት ጊዜ ድርሻ ከነፃነቱ ይወጣል። አሥር ዓመት ያከራዩትን ቤት ሁለት ዓመት ገብተውበት ሙሉውን ነፃ ማድረግ አይቻልም።

ምርጫ ሦስት፦ ለዘለቄታው መያዝ

ይህ የነፃነቱን መቅረት አውቆ፣ ተቀብሎ የሚገባበት ምርጫ ነው። ለማን ያዋጣል? ትርፉ ትንሽ ለሆነ። በ2021 ወይም በ2022 ገዝቶ ትርፉ 30,000 ብቻ የሆነ ሰው ነፃነቱ ቢያልፍበት የሚያጣው ጥቂት ሺህ ዶላር ነው፤ በእጁ ያለው የ3 በመቶ ብድር ከዚያ ይበልጥበታል። እንደ ሲያትል ባለ የስቴት የገቢ ታክስ በሌለበት ቦታም ጉዳቱ ይቀንሳል፤ የዋሽንግተን ስቴት የካፒታል ትርፍ ታክስም ቤትና መሬትን አይነካም።

በኋላ መሸጥ ለሚፈልግ ታክሱን የሚያዘገይ መንገድ አለ፤ 1031 የሚባለው ልውውጥ። የኪራይ ቤቱን ሸጦ ሌላ የኪራይ ቤት የሚገዛ ሰው ታክሱን ወደፊት ይገፋል። ሰዓቱ ጥብቅ ነው፤ ከተሸጠ በ45 ቀን ውስጥ የሚገዛውን ለይቶ ማሳወቅ፣ በ180 ቀን ውስጥ ገዝቶ መጨረስ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡም በመሐል በእጃችሁ መግባት የለበትም። ቤቱን እስከ ሕይወት ፍጻሜ የሚይዝ ሰው ደግሞ ለልጆቹ ሲያልፍ ቤቱ በዚያን ቀን ባለው የገበያ ዋጋ እንደተገዛ ይቆጠርላቸዋል፤ የድሮው ትርፍ ታክስ አብሮ ይጠፋል። ለልጆቼ ላስቀምጥ ለሚል ወላጅ ይህ እውነተኛ ምክንያት ነው። በሕይወት እያሉ በስጦታ ማስተላለፍ ግን ይህን ጥቅም አያስገኝም፤ ልጁ የሚወርሰው የድሮውን የግዢ ዋጋ ነው።

ኪራዩ ኪሳራ ካሳየ፣ ገቢያቸው ከ100,000 በታች የሆነ አከራዮች በዓመት እስከ 25,000 ዶላር ከሌላ ገቢያቸው ላይ መቀነስ ይችላሉ። ከ150,000 በላይ ለሆነ ቤተሰብ ይህ ለዚያ ዓመት የለም፤ ኪሳራው እስከ ሽያጩ ይጠበቃል።

ስለ ዘመድ

አራተኛ ምርጫ ሆኖ ባይቆጠርም ብዙ ቤተሰብ የሚያደርገው ይህን ነው፤ ገና ለመጣ ወንድም ወይም ለአጎት ልጅ ቤቱን በግማሽ ኪራይ መስጠት። መልካም ሥራ ነው፣ ይቅር አልልም። በታክስ ዓይን ግን ከገበያ ዋጋ በታች ለዘመድ የተሰጠ ቤት እንደ ኪራይ ሥራ አይታይም፤ የተቀበላችሁት ኪራይ ገቢ ሆኖ ይመዘገባል፣ ጥገናውን ግን እንደ ኪራይ ወጪ መቀነስ አትችሉም። ወንድም የኖረበት ጊዜም እናንተ እንደኖራችሁበት አይቆጠርም፤ ሦስት ዓመቱ እየሮጠ ነው። ከሁሉ የከበደው ቀኑ ሲደርስ «ውጣ» ማለት ነው። ስለዚህ ሲገባ፣ መክፈቻው ሳይሰጥ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ተነጋግራችሁ በወረቀት አስቀምጡት።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| መመዘኛ | አሁን መሸጥ | አከራይቶ በ3 ዓመት ውስጥ መሸጥ | ለዘለቄታው መያዝ |
|---|---|---|---|
| ታክስ (በምሳሌው ቤት) | 0 | 7,200 ዶላር ገደማ | በ4ኛው ዓመት ቢሸጥ ከ50,000 በላይ |
| ለአዲሱ ቤት ጥሬ ገንዘብ | ወዲያው | ዘግይቶ | የለም |
| ዝቅተኛው ወለድ | ይቀራል | ለጊዜው ይቆያል | ይቆያል |
| ድካም | የአንድ ጊዜ | መካከለኛ፤ ቀን ማስላት ይፈልጋል | የዓመታት |
| ዋናው አደጋ | ወደፊት የሚጨምረው ዋጋ መቅረቱ | ቀኑ ማለፉ፣ ተከራይ አለመልቀቁ | የነፃነቱ መጥፋት፣ ትልቅ ጥገና |
| ለማን ይሻላል | ትርፉ ትልቅ፣ ገንዘብ የሚያስፈልገው | ሁለቱን ብድር የሚችል፣ ቀን የሚጠብቅ | ትርፉ ትንሽ ወይም ለልጆቹ የሚያስቀምጥ |

ገዢውን የሚያጣድፉት እፎይታዎች

የድሮውን ቤት የሚሸጥ ሰው አዲስ ቤት ገዢም ነውና፣ «የመንግሥት ጥቅም ሳያልቅ ግዙ» የሚለውን ማስታወቂያ ይሰማል። በ2009 እና በ2010 እንዲህ ያለ እውነተኛ የጊዜ ገደብ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢ እስከ 8,000 ዶላር ይሰጥ ነበር፣ ውሉ እስከ ኤፕሪል 30 ቀን 2010 መፈረም ነበረበት። ከዚያ በፊት በ2008 የገዙ ሰዎች ያገኙት 7,500 ዶላር ግን በ15 ዓመት የሚመለስ ብድር ነበር፤ ስሙ አንድ ሆኖ ነገሩ ሌላ። ጊዜው ካለፈ በኋላ በጁላይ 2010 የነባር ቤቶች ሽያጭ ከጁን ጋር ሲነጻጸር ወደ 27 በመቶ ወደቀ። ተጣድፎ የገዛው ሰው የተወዳደረው ከሌሎች ከተጣደፉ ጋር ነበር፤ የቆየው ሰው ብቻውን ተደራደረ።

አሁን ያሉት መጠነኛ ናቸው። ለሶላርና ለቤት ኃይል ቁጠባ ሥራ ይሰጥ የነበረው የ30 በመቶ ክሬዲት ዲሴምበር 31 ቀን 2025 አብቅቷል፤ አሁንም አለ የሚላችሁን የሶላር ሻጭ አትስሙ። የስቴትና የፕሮፐርቲ ታክስ ተቀናሽ ጣሪያ ከ10,000 ወደ 40,000 ከፍ ብሏል፣ በ2026 ደግሞ 40,400 ነው፤ በ2030 ወደ 10,000 ይመለሳል። ይህ ለአንድ መካከለኛ ቤተሰብ ምን ያህል ነው? 450,000 በ6.5 በመቶ የተበደሩ ባልና ሚስት በመጀመሪያው ዓመት ወለዱ 29,000 ገደማ ነው፤ ፕሮፐርቲና የስቴት ታክሳቸው 15,000 ቢሆን ድምሩ 44,000 ይሆናል። በ2026 ያለ ምንም ዝርዝር የሚሰጠው መደበኛ ተቀናሽ 32,200 ስለሆነ ጥቅሙ ከዚያ በላይ ባለው 12,000 ገደማ ላይ ብቻ ነው። በ22 በመቶ ታክስ 2,600 ዶላር ነው፤ ከዚህ ውስጥ ጣሪያው ከፍ በማለቱ የመጣው 1,100 ብቻ። ለ1,100 ዶላር ብሎ 10,000 ጨምሮ ቤት መግዛት ስሌት አይደለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው የስቴቱ እርዳታ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። በሜሪላንድ የስም ማዛወሪያው የስቴት ታክስ ከ0.5 ወደ 0.25 በመቶ ይወርዳል፣ እሱንም ሻጩ ነው የሚከፍለው። በዲሲም የገቢና የዋጋ ጣሪያ ኖሮት የመመዝገቢያ ታክሱ ይቀነሳል። እነዚህን ኤጀንቱ ካላነሳው ራሳችሁ ጠይቁ።

ለማን የትኛው?

ትርፋችሁ ከ100,000 በላይ ከሆነና ለአዲሱ ቤት ከዘመድ መበደር ወይም እቁብ ቀድሞ መውሰድ የግድ ከሆነባችሁ ሽጡ። በታክስ ነፃ የሆነ ገንዘብ ቤቱ ውስጥ አስቀምጦ በውድ መበደር አይገባም።

ሁለቱን ብድር ሦስት ወር ያለ ኪራይ መክፈል የምትችሉ፣ ቤቱም ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ያለ ከሆነ፣ ገበያው እስኪሻል አከራይቶ መጠበቅ ይቻላል። ቤቱን የለቀቃችሁበትን ቀን የሚያሳይ ነገር ያዙ፦ የመብራት ሂሳብ የተዘጋበት፣ መንጃ ፈቃድ ላይ አድራሻ የተቀየረበት፣ አዲሱ ቤት ክሎዚንግ የተደረገበት። ለቤዝመንቱና ለጣሪያው የከፈላችሁበትን ደረሰኝም እንዲሁ፤ በጥሬ ገንዘብ ለአገር ልጅ ተከፍሎ ደረሰኝ የሌለው ሥራ ሲጠየቅ ለማስረዳት ይከብዳል።

ጠቅልሎ አገር ቤት ለመግባት የሚያስብ ሰው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ እንደሆነ ቢሸጥ ይቀልለዋል። ግሪን ካርዱን መልሶ፣ ለታክስ የውጭ ሰው ሆኖ ከአዲስ አበባ ሲሸጥ ገዢው ከሽያጩ ዋጋ በመደበኛው 15 በመቶ ይዞ ለአይአርኤስ እንዲልክ ሕጉ ያዛል፤ 520,000 ላይ 78,000 ዶላር ነው። ገዢው ራሱ የሚኖርበትና ዋጋው ከአንድ ሚሊዮን የማይበልጥ ከሆነ ወደ 10 በመቶ፣ ከ300,000 የማይበልጥ ከሆነ ወደ ዜሮ ይወርዳል። የተያዘው ገንዘብ በኋላ ሊመለስ ይችላል፣ ግን ከሩቅ ሆኖ ያን መከታተል አድካሚ ነው። ጉዞው የተቆረጠ ከሆነ ቤቱ ከትኬቱ በፊት ይሸጥ።